ሻብሊ፦ ዛጎሉ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል ወይ?

ጥያቄውን ያነሳው ብራስልስ ውስጥ በአስተናጋጅነት የሚሠራ ወጣት ነው። አለቃው ሻብሊ የሚባለውን የፈረንሳይ ነጭ ወይን ለእንግዳ ሲቀዳ የሚነገር ነገር አስጠንቶታል፤ ወይኑ የሚበቅልበት ምድር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ነበር፣ አፈሩ ኦይስተር በሚባል የባሕር እንስሳ ጥቃቅን ዛጎሎች የተሞላ ነው፣ ወይኑ ጨው ጨው የሚለውም ከዚያ የተነሳ ነው የሚል። አንድ ማታ አንዲት እንግዳ ዛጎሉ በየት በኩል ወደ ፍሬው እንደሚወጣ ብትጠይቀው መልስ አጣ። ስለዚህ ወደዚህ የውይይት መድረካችን መጣ፤ ነገሩ እውነት ነው ወይስ ለገበያ የተቀመመ ተረት?

34 መልስ መጣለት። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በተራ እተርካቸዋለሁ፤ ሰላምታውንና ምርቃቱን ዘልዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 ከሊዮን ነው። ጸሐፊው ሻብሊ ከተማ ሄዶ በዓይኑ አይቷል። ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰራን የምትባል ትንሽ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የዞረ አንድ ኮረብታ አለ፤ ግራን ክሩ (ከፍተኛው ደረጃ) የሚባሉት ሰባት ማሳዎች ሁሉ እዚያ ላይ ናቸው፤ ብላንሾ፣ ቡግሮ፣ ሌ ክሎ፣ ግረኑይ፣ ፕረዝ፣ ቫልሙር፣ ቮዴዚር። አንድ ላይ ቢደመሩ 100 ሄክታር ቢሆኑ ነው። ከእግሩ ሥር ድንጋይ አንስቶ ሲያይ የጥፍር ያህል፣ እንደ ጭረት የጎበጡ ዛጎሎች ተለጥፈውበት አገኘ። ለእሱ ጉዳዩ እዚያው አለቀ፤ ዛጎሉ አለ፣ ጣዕሙም አለ። መልስ 2 ይህንኑ ደግፎ ከኦይስተር ጋር ቀዝቀዝ አድርጎ ስለመጠጣት ብዙ ጻፈ።

ዛጎሉ ድንጋዩ ውስጥ መኖሩን የካደ ሰው አልነበረም። የተጠየቀው ሌላ ነው።

መልስ 3ን የጻፈችው በጂኦሎጂ የተመረቀች፣ በማዕድን ፍለጋ የምትሠራ እህት ናት። እኔ እንደሚመስለኝ ውይይቱን ወደ ቁም ነገር የመለሰችው እሷ ነች። በትሕትና ጀምራ፣ ያ ድንጋይ ኪመሪጅያን እንደሚባል፣ ስሙም በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ካለች ኪመሪጅ ከምትባል መንደር እንደመጣ አስረዳች። ሸክላ የተቀላቀለበት ለስላሳ ኖራና ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ተነባብረው የተቀመጡበት ነው። የወይን ሥር ግን ድንጋይ አይበላም። የሚወስደው በውሃ የሟሟ ፖታስየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም ነው፤ ካልሲየም ደግሞ ከዛጎል ይምጣ ከሌላ ኖራ፣ ያው ካልሲየም ነው። ወይን ውስጥ ያለው ማዕድን በሊትር ጥቂት ግራም ሲሆን አብዛኛው ፖታስየም ነው። የኖራ ድንጋይም ቢልሱት ጣዕም የለውም። ዌልስ ውስጥ ያስተማረው ጂኦሎጂስት አሌክስ ማልትማን ይህንን ለዓመታት ሲሟገትበት እንደኖረ ጠቀሰች። ከዚያ አንድ ነገር ጣል አደረገች፦ በመቀሌ ዙሪያ ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይም ባሕር ያስቀመጠው፣ በዕድሜ ከኪመሪጅያን ጋር የሚገጥም ነው፤ የባሕር ቅሪተ አካልም ሞልቶታል፤ እኛ ግን ሲሚንቶ እናደርገዋለን እንጂ የባሕር ጣዕም አለው ሲል የሰማነው ሰው የለም።

አፈሩ ምንም አይሠራም ማለቷ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ግን እንደዚያ አነበቧት። ያለችው አፈሩ የሚሠራው በውሃ በኩል ነው ነው። ሸክላው በድርቅ ጊዜ ውሃ ይይዛል፣ ድንጋዩና ተዳፋቱ ደግሞ ሲዘንብ ያስወግዳሉ፤ ተክሉ አይጠማም፣ አይሰጥምም። ከኮረብታው አናት ላይ ያለው ፖርትላንድያን የሚባለው ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ነፋስና ብርድ ይበዛበታል፤ ከዚያ የሚወጣው በአብዛኛው ፔቲ ሻብሊ ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። የዋጋው ልዩነት ከዛጎል ይልቅ ከፍሬው መብሰል ጋር የተያያዘ ነው።

በመልስ 4 ወጣቱ አመስግኖ፣ እንግዲያው ያ ባልጩት ሲፋጭ የሚሸት የሚመስለው ሽታ ከየት ነው ብሎ ጠየቀ። መልስ 5 ከአንድ የቢራ ፋብሪካ ኬሚስት መጣ። ቤንዚንሜታንቲኦል የሚባል ድኝ ያለበት ውሕድ አለ፤ የቦርዶ ተመራማሪዎች በ2003 ሻብሊ ከሚሠራበት የወይን ዝርያ ከሻርዶኔም፣ ከሌሎችም ወይኖች ውስጥ ለይተው አውጥተውታል፤ እጅግ ጥቂቱ እንኳ አፍንጫ ይደርሳል። ምንጩ ድንጋይ አይደለም። ጨው ጨው የሚለው ስሜት ደግሞ በአመዛኙ ኮምጣጣነት ነው፤ ሻብሊ ከሻርዶኔ አገሮች ሁሉ ወደ ሰሜን ካሉት አንዱ ስለሆነ ፍሬው አሲዱን ይዞ ይለቀማል፣ ብዙዎቹ አምራቾችም በእንጨት በርሜል ፋንታ በብረት ጋን ስለሚያፈሉት ያንን የሚሸፍን የእንጨት ቅመም አይጨመርበትም።

እስከዚህ ድረስ ሰዉ ሁሉ እርስዎ እየተባባለ ነበር።

በመልስ 6 ፓሪስ ውስጥ ወይን አቅራቢ የሆነ ሰው ተቆጥቶ ገባ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ወይን አያስተምረኝም ዓይነት ነገር ነው። ማስረጃው ግን የሚናቅ አልነበረም። ከሻብሊ ወደ ደቡብ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሎዋር ወንዝ አጠገብ ሳንሴር አለች። እዚያም ነጭ መሬት የሚሉት ተዳፋት ያው ኪመሪጅያን ነው፤ የሚተከለው ግን ሶቪኞን ብላን ነው። እሱ እንደሚለው ሁለቱን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው ከሥራቸው አንድ የሆነ ነገር ያገኛል፤ ዝርያው ሌላ፣ አጥንቱ አንድ።

ጂኦሎጂስቷ በመልስ 7 ማስረጃውን ገለበጠችበት። ያው ድንጋይ ወደ ሰሜን ምሥራቅም ይቀጥላል፤ የሻምፓኝ ክልል ደቡባዊ ጫፍ የሆነው ኦብ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው፣ እዚያ በብዛት የሚተከለው ደግሞ ፒኖ ኗር ነው። አንድ ድንጋይ፣ ሦስት ዝርያ፣ ሦስት የማይመሳሰሉ ወይኖች። ድንጋዩ ጣዕም ሰጪ ቢሆን ሦስቱ መመሳሰል ነበረባቸው። በሌላ በኩል ሳንሴር ውስጥ ባልጩት የሞላበት መሬትም አለ፤ ከዚያ የመጣውን ሰዎች ባልጩት ባልጩት ይላል ይሉታል፤ ነገር ግን ይህንን የሚሉት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ካነበቡ በኋላ ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትቆነጥጥ ነበር።

መልስ 8 ውጥረቱን አበረደው። አንድ ሰው ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ ለእኛ ለኦርቶዶክሶች የማይበላ ከሆነ፣ ከዛጎል አፈር የወጣ ወይን እንዴት ይታያል ብሎ ጠየቀ። ቀልድ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ተስፋ አደርጋለሁ። መልስ 9 ግን ከቁም ነገር ቆጥሮ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ዛጎል ድንጋይ እንጂ ሥጋ እንዳልሆነ ካስረዳ በኋላ ማንም ያላሰበውን አነሳ፦ ለጾመኛ የሚያሳስበው አፈሩ ሳይሆን ወይኑ የሚጠራበት ነገር ነው። ብዙ አምራቾች ወይኑን ለማጥራት የእንቁላል ነጭ፣ የወተት ፕሮቲን ወይም ከዓሣ ፊኛ የተሠራ ሙጫ ይጨምራሉ፤ ሌሎች ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ብቻ ይጠቀማሉ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2012 ወዲህ የእንቁላል ወይም የወተት ቅሪት ካለበት ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር፤ ቤቴ ያሉትን ጠርሙሶች እያዞርኩ አነበብኩ። መልስ 10 ደግሞ የቅዳሴው ከዘቢብ እንደሚዘጋጅና ከዚህ ሁሉ ነፃ እንደሆነ የሚያስታውስ የአንድ ዲያቆን ማስታወሻ ነበር።

በመልስ 11 የመጣው የሚጠበቅ ነበር፤ ቡና። ይርጋጨፌ እንደ ይርጋጨፌ የሚሸተው፣ ሐረር እንደ ሐረር የሚሆነው በአፈሩ አይደለም ወይ ተባለ። መልስ 12 ከቡና ላኪ ነው፤ በሁለት መስመር አሳረፈው። ሐረር በፀሐይ ከነሽፋኑ የደረቀ ነው፤ ይርጋጨፌ ስሙን ያተረፈው በታጠበው ነው፤ ያንኑ የይርጋጨፌ ቡና ሳያጥቡ ቢያደርቁት ቀማሹ ሌላ አገር ይመስለዋል። ከዝርያ፣ ከከፍታና ከአዘገጃጀት በፊት አፈርን ማንሳት ለእሱ ስንፍና ነው። እኔ በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

የውይይቱ ልብ ግን ከመልስ 13 እስከ 16 ነው። ሦስቱን የጻፈው ዲዦን የሚኖር አንድ ጎልማሳ ነው፤ 15ኛው ብቻ የሌላ ሰው አጭር ጥያቄ ነበር። ጎልማሳው ስለ ጣዕም ለመከራከር አልፈለገም፤ ዛጎሉ ሕግ የሆነበትን ታሪክ ተረከ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሻብሊ ያለችበት የዮን አውራጃ ወደ 40,000 ሄክታር ወይን ነበረው፤ ደንበኛዋም ፓሪስ ነበረች። ባቡር ሲመጣ ከደቡብ ፈረንሳይ ርካሽ ወይን ፓሪስ ገባ። ከዚያ ፊሎክሴራ የሚባለው የሥር ተባይ ደረሰ። ከዚያ ጦርነት። በየፀደዩ ውርጩ አለ። በ1950ዎቹ በሻብሊ የቀረው 500 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር፤ ያ ዝነኛ ስም ያረፈው በአንድ ትልቅ እርሻ በማይሞላ መሬት ላይ ነው።

በ1938 ስሙ በሕግ ሲከለል፣ ሻብሊ ለመባል መሬቱ ኪመሪጅያን እንዲሆን ተፈለገ። መሬቱ ባዶ በነበረበት ጊዜ ይህ ማንንም አልጎዳም። በ1960ዎቹ ውርጭን መከላከል ሲቻልና አሜሪካና እንግሊዝ ሻብሊ ሲጠይቁ ግን ጥሩ ተዳፋት ያለው ሁሉ፣ ድንጋዩ ፖርትላንድያን ቢሆንም፣ ስሙን ፈለገ። አምራቹ ለሁለት ተከፈለ። ዊልያም ፌቭር የመራው ማኅበር ድንበሩ በዛጎሉ ይጽና አለ፤ ዣን ዱሩፕ የመራው ወገን ተዳፋቱና የአየሩ ሁኔታ ነው ወሳኙ ብሎ እንዲሰፋ ተከራከረ። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ማስፋቱ አሸነፈ። ዛሬ ሻብሊ ከ5,000 ሄክታር በላይ ነው።

የመልስ 15 ጥያቄ፣ እንግዲያው ማን ዋሸ የሚል ነበር። መልስ 16፦ ማንም። ፌቭር ትልቅ የግራን ክሩ ባለይዞታ ነበር፤ ዱሩፕ ሰፊ ማሳ ተከለ። ሁለቱም በኪሳቸው በኩል ትክክል ነበሩ። ጎልማሳው አክሎም የኦብ አምራቾች በ1908 ከሻምፓኝ ክልል ሲገለሉ በ1911 አደባባይ እንደወጡ፣ ሙሉ በሙሉ የገቡት በ1927 እንደሆነ ጻፈ። ድንጋይ በአውሮፓ ወይን ውስጥ ድንበር ነው፤ ድንበር ደግሞ ዋጋ ነው። በዚህ ውይይት ውስጥ ለአስተናጋጁ የሚጠቅመው መልስ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለእንግዳ ቢነገር ከዛጎሉ ተረት ይልቅ ይጥማል።

ወይን አቅራቢው በመልስ 17 ተመለሰ። ነገሩን ሁሉ በገንዘብ መተርጎም የቀማሽን ምላስ መስደብ ነው አለ። የሌ ክሎን ጠርሙስ ከአሥር ዓመት በኋላ የከፈተ ሰው እንደዚህ አይጽፍም። እውነት አለው፤ የግራን ክሩው ኮረብታ ልዩ መሆኑን ማንም አልካደም። ነገር ግን ኮረብታው ፀሐይ በሚመታበት በኩል ዞሯል፤ ቁልቁለቱም ውሃና ብርድ አያስቀምጥም። ዛጎሉን ከዚያ ሁሉ ለይቶ ማመስገን እንዴት እንደሚቻል አልነገረንም።

መልስ 18ን ሁሉም ሰው እንዲያነበው እመክራለሁ። ጸሐፊዋ ሚያዝያ ላይ ሻብሊ ውስጥ በቀን ሠራተኛነት የሠራች እህት ናት። የተወለደችው ደብረ ብርሃን ስለሆነ ውርጭ ለእሷ አዲስ አይደለም፤ ውርጭን በውሃ መዋጋት ግን አዲስ ሆነባት። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በሌሊት ከኮረብታው ወርዶ በሰራን ሸለቆ ይተኛል፤ የሻርዶኔ እምቡጥ ደግሞ ቀድሞ የሚፈነዳ ነው። ቴርሞሜትሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ በማሳው መካከል የተተከሉ ቧንቧዎች ውሃ መርጨት ይጀምራሉ። ውሃው እምቡጡ ላይ ይረጋል፤ ሲረጋም ሙቀት ይለቃል፤ በበረዶ ተሸፍኖ ያለው እምቡጥ ከዜሮ ብዙም ሳይወርድ ያድራል። ግን ጠዋት በረዶው መቅለጥ እስኪጀምር ድረስ ርጭቱ ለአፍታ እንኳ መቆም የለበትም፤ ከቆመ እምቡጡ ከነበረውም ይብሳል። ለዚሁ ሲባል ቤን በምትባል መንደር አጠገብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ውሃ የሌለው በየረድፉ ትልልቅ ሻማ ያነዳል። በሚያዝያ 2021 ግን ውርጩ በተከታታይ ሌሊቶች መጥቶ ሻማውም ውሃውም ያላዳነው ብዙ ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ዛጎል ማውራት ለእሷ የቅንጦት ወሬ ነው።

መልስ 19 ምስጋና ብቻ ነው። በመልስ 20 ጀርመን፣ ሞዘል ወንዝ አጠገብ የሚኖር ሰው ድንጋይ ያለ ጣዕምም ቢሆን ሥራ እንዳለው አሳየ። እዚያ መሬቱ ስሌት የሚባል ድንጋይ ነው፤ በስሱ የሚሰነጠቅ፣ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ጠቆር ያለ ድንጋይ። ቀን የፀሐይ ሙቀት ይውጣል፣ ማታ ይመልሳል፤ ዘግይቶ የሚበስለው ሪዝሊንግ በዚያ ብርድ አገር የሚበስለው በዚህም ጭምር ነው። ብሬም መንደር ላይ ካልሞንት የሚባለው ማሳ እስከ 65 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ትራክተር አይገባበትም። ዝናብ ያወረደውን ስሌት ሰዎች መልሰው ወደ ላይ ይሸከሙት ነበር። ጥቅም ስለሌለው ነገር ይህን ያህል የሚደክም ሰው የለም የሚለው የዚህ ሰው ክርክር ደስ ይላል፤ ጂኦሎጂስቷም በመልስ 21 ነጥቡን ተቀብላለች፤ ሙቀት ይሁን እንጂ ጣዕም አይሁን ብላ።

መልስ 22 ስለ ዝርያ ነው። በ1999 የታተመ የዘረመል ጥናት ሻርዶኔ የፒኖና የጉዌ ብላን ልጅ መሆኑን አሳይቷል፤ ጋሜም አሊጎቴም የእነዚሁ ወላጆች ልጆች ናቸው። ጉዌ ብላን ድሆች የሚተክሉት፣ ጌቶች የሚንቁት ዝርያ ነበር። ሪዝሊንግም ከወላጆቹ አንዱ ያው ጉዌ ብላን ስለሆነ፣ የሻብሊና የሞዘል ወይኖች በአንድ ወላጅ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው።

ከ23 እስከ 27 ያለውን በፍጥነት አልፋለሁ። አንድ ሰው በአንታሎ ድንጋይ ላይ ሻርዶኔ ቢተከልስ አለ። ሌላው ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ካስቴል ተክሎ ከ2014 ጀምሮ እየሸጠ እንደሆነ፣ መሬቱም ኖራ ሳይሆን አሸዋማ እንደሆነ፣ ማሳው ዙሪያ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ቦይ እንደተቆፈረለት ጻፈ። ከምድር ወገብ አጠገብ ተክሉን የሚያስተኛ የብርድ ወቅት ስለሌለ የለቀማውን ጊዜ የሚወስነው የቅርንጫፍ ገረዛው ነው፤ ይህ ብቻውን ጥሩ ውይይት ይወጣው ነበር። ወይን አቅራቢው ግን የሀገር ቤቱን ወይን በአንድ ቃል አጣጣለው፤ አንድ የአዳማ ሰው ደግሞ በጉደር ያደገ ምላስ ዛሬ ፈረንሳይ ሆነብን ብሎ ወጋው። እርስዎ መባባሉ ቀርቶ አንተ ተባለ። የመድረኩ ኃላፊ በመልስ 27 ሁለቱንም በጨዋነት ገሠጻቸው።

በመልስ 28 ወጣቱ አስተናጋጅ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ ብራስልስ ያሉ አባላት ተሰብስበው አንድ ፔቲ ሻብሊ ከፖርትላንድያን፣ አንድ ሻብሊ ከኪመሪጅያን ጠርሙሳቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቅመሱ። መልስ 29 እና 30 እንገኛለን ነበሩ። መልስ 31 ውጤቱ ነው። ከቀማሾቹ ገሚሱ ፔቲ ሻብሊውን ባለ ዛጎሉ ነው ብለው መረጡ፣ ምክንያቱም ይበልጥ ኮምጣጣ ነበር። ወይን አቅራቢው በመልስ 32 ጠርሙሶቹ የየትኛው ዓመት እንደሆኑ ጠየቀ። መልስ 33፦ ፔቲ ሻብሊው የቀዝቃዛው የ2021፣ ሻብሊው የሞቃቱ የ2022። እንዲህ ከሆነ የተቀመሰው የአየር ጠባይ እንጂ አፈር አይደለም አለ አቅራቢው፤ ልክ ነው። በመልስ 34 ጂኦሎጂስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ጋር ተስማማች፤ ቀጥላም ከአንድ አምራች፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ጋን የፈሉ ሁለት ጠርሙሶች እሱ ራሱ ከፓሪስ እንዲልክ ጠየቀችው። እስካሁን አልመለሰም።